ብዕሩ ብቻውን አይናገርም
በማኅበራችን የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ አሮጌ ዕቃ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ በግቢያችን ላስተማሩና ለተማሩ ደራስያን መታሰቢያ የሚሆን የመስታወት ሳጥን ላይብረሪው መግቢያ ላይ ለማቆም አስቧል። ብዕር፣ መነጽር፣ ከዘራ፣ ካፖርት፣ የጽሕፈት መኪና ይሰብሰብ ተብሎ ዝርዝር ወጥቷል። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ዝርዝሩን ግን አልወደድኩትም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የደራስያንን ዕቃ ስሰበስብ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በአንድ ደራሲ ስም ብቻ አራት ብዕር ቀርቦልኛል። አራቱም ሻጮች «የመጨረሻው መጽሐፉ የተጻፈበት ነው» ብለው ይምላሉ። አንዳቸውም ግን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት የላቸውም። እንዲህ ያለውን ብዕር መስታወት ውስጥ ብናስቀምጠው ምን ይነግረናል? ሱቅ ካለው ብዕር በምን ይለያል?

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። ፑሽኪንን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ሳር ቤት በኩል የምታልፉ ሁሉ አደባባዩን ታውቁታላችሁ። ሴንት ፒተርስበርግ፣ ሞይካ ወንዝ ዳር፣ ቁጥር 12 ያለው የሞተበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። በሽጉጥ ግጥሚያው ቀን ለብሶት የነበረው ሰደርያ እዚያ አለ። ወዳጁ ናሽቾኪን የሰጠው፣ የጥቁር ሰው ምስል የቆመበት የቀለም ዕቃም አለ፤ የቅድመ አያቱን የአብራም ሃኒባልን ዘር እያሰበ ነው የሰጠው። (ሃኒባል ከመረብ አካባቢ ነው ወይስ ከካሜሩን ወገን የሚለውን ለታሪክ ክፍል ሰዎች እተወዋለሁ፤ እነሱ ከጀመሩት ምሳም አንበላ።)

ከሁሉ እኔን የያዘኝ ግን ጸጉሩ ነው። ኢቫን ቱርጌኔቭ ያኔ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሙን ማንም አያውቀውም። ከአስከሬኑ ራስ ላይ ጥቂት ጸጉር አስቆርጦ ወሰደ። መውሰዱስ ምንም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚወስድ ብዙ ሰው ነበር። ቱርጌኔቭ ግን አብሮ ወረቀት ጻፈ። ጸጉሩ ዓይኑ እያየ እንደተቆረጠ፣ የቆረጠውም የፑሽኪን አሽከር እንደሆነ፣ ቀኑ በድሮው የሩስያ አቆጣጠር ጃንዋሪ 30 ቀን 1837፣ ማለትም ባለቅኔው በሞተ ማግስት እንደነበረ፣ ለአሽከሩም አንድ የወርቅ ሳንቲም እንደከፈለ ገልጾ ፈረመ። አያችሁ? ማን፣ መቼ፣ በማን ፊት፣ በስንት። ያቺ ወረቀት ባትኖር ጸጉሩ የማንም ጸጉር ነው። ወረቀቷ ስላለች ግን እኛ ዛሬ፣ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ቆይተን፣ አንድ ልጅ እግር ደራሲ ታላቁን እንዴት እንደተሰናበተ እናውቃለን።

በእኛው ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። አሜሪካዊው ኮርማክ ማካርቲ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናውን ከመያዣ ሱቅ በ50 ዶላር ገደማ ነበር የገዛት። በ2009 እ.ኤ.አ. ክሪስቲስ ለጨረታ ሲያቀርባት 254,500 ዶላር አወጣች፤ ገንዘቡም ለአንድ የምርምር ተቋም ተሰጠ። ወዳጁ በምትኳ ያገኘለት ሌላ ኦሊቬቲ 20 ዶላር እንኳን አልሞላም። እንግዲህ የብረቱ ዋጋ ይኸው ነው። ማካርቲ መጽሐፎቹን ሁሉ በእሷ እንደጻፈ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጽፎ ፈርሞ ነበር። የአማርኛ ፊደል የተገጠመላቸው ኦሊቬቲዎች በየመሥሪያ ቤታችን ስንት ነበሩ! ዛሬ አንዷን ከዕቃ ግምጃ ቤት አውጥተን «የእገሌ ናት» ብንል ማን ያምነናል?

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። መንግሥቱ ለማ፣ ዳኛቸው ወርቁ፣ ደበበ ሰይፉ በዚህ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ዛሬ የዩኒቨርሲቲያችን አካል በሆነው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ገብረ ክርስቶስ በ1981 እ.ኤ.አ. በስደት ኦክላሆማ፣ ሎውተን ከተማ ሲያርፍ ግጥሞቹ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው አላያቸውም። የግጥም መድበሉ የወጣው ከሞቱ በኋላ ነው፤ ጀርመን የነበሩ ሥዕሎቹም ወደ አገር ቤት ተመልሰዋል። ይህ የሆነው ወረቀቱንና ሸራውን ያልጣሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ካፖርቱን አስቀምጠው ወረቀቱን ጥለው ቢሆን ኖሮስ?

ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። ስሙን የማልጠራው አንድ ደራሲ ነበር፤ ቤተሰቡ ስላልፈቀደልኝ ነው የማልጠራው። ባለቤቱ ካረፉ በኋላ ቤቱ ሊለቀቅ ሆነና ልጁ ከውጭ መጣች። የነበራት ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው። መነጽሩን፣ ሰዓቱንና ባርኔጣውን በጨርቅ ጠቅልላ ያዘች፤ የአባት ዕቃ ነውና ማንም አይፈርድባትም። ደብተሮቹን ግን ቆራሌው በኪሎ ወሰዳቸው። እኔ ሰምቼ ስደርስ ሰፈሩ ውስጥ ያለች ሱቅ በርበሬ ትጠቀልልባቸው ነበር። ባለሱቋ ደግ ሴት ናቸው፤ የቀረውን ሁለት ደብተር ያለ ዋጋ ሰጡኝ። አንደኛው ውስጥ ያልታተመ ቴአትር ሁለተኛ ገቢር አለ። አንደኛውና ሦስተኛው የሉም። ፒያሳና ካዛንቺስ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ነባር ቤቶች ሲነሱ ከየቁም ሳጥኑ ምን እንደወጣ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚው የማቀርበው ሐሳብ ይኼ ነው፤ ከብዕሩ በፊት ወረቀቱ ይምጣ። ወረቀቱ ያለው ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጣችሁት ሰዎች ቤት ነው። መምህራችሁ በቀይ እስክሪብቶ ያረመላችሁ ድርሰት የት ገባ? ጠርዙ ላይ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ የጻፈባችሁ? ለትምህርት ውጭ ስትሄዱ የላከላችሁ ደብዳቤ? ፈርሞ የሰጣችሁ መጽሐፍ? ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና መርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ስገዛ የመጀመሪያዋ ገጽ የተቀደደች መጽሐፍ ስንት ጊዜ አጋጥማኛለች! ሰው ሲቸግረው መጽሐፉን ይሸጣል፤ ደራሲው «ለወዳጄ ለእገሌ» ያለበትን ገጽ ግን እንዳይታወቅበት ይቀዳዋል። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔ የምፈልገው ያቺን ገጽ ነበር። ኧረ አትቅደዱ! መሸጥ ነውር አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ደብዳቤው ውስጥ የሌላ ሰው ምስጢር አለ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ ሟቹ ስለ ጎረቤቱ የጻፈውን ዛሬ አደባባይ ማውጣት አይገባም። ለዚህ መፍትሔ አለው። ደብዳቤ ታሽጎ፣ ይህን ያህል ዓመት እስኪያልፍ አይከፈት ተብሎ፣ በውል ለላይብረሪ ይሰጣል። በሌላው ዓለም የተለመደ አሠራር ነው፤ ማቃጠል አያስፈልግም።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልበልና ልቀመጥ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ይበላዋል። ላሚኔት አታስደርጉት። ስፒልና ክሊፕ ካለው አውጡለት፤ ይዝጋል። ፀሐይና እርጥበት አታስነኩት። ምልክት ማድረግ ካስፈለገ በእርሳስ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን እንደ ቱርጌኔቭ አድርጉ፤ ከማን አገኛችሁት፣ መቼ፣ የት፣ ማን ነበር አብሯችሁ? በተለየ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፈርሙበት። ዕድሜያችን ገፍቷል፤ ልጆቻችን ደግሞ ያንን የእጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ አይለዩትም።

ካፍቴሪያው በር ላይ ጠረጴዛ አስቀምጠናል። የላይብረሪ ባለሙያዎች ፎርም ይዘው እስከ 11 ሰዓት ይቆያሉ። ዋናውን መስጠት ግዴታ አይደለም፤ ፎቶ አንስተን ታሪኩን መዝግበን ወዲያው እንመልስላችኋለን። ዛሬ ያልያዛችሁ ስምና ስልካችሁን ተዉልን፤ ቤት ድረስ እንመጣለን። ብዕር ያለው ካለም ይምጣ፤ ወረቀቱን ግን ይዞ።