ሳይጠየቁ እንዳያልፉ



የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ለዓለም ያሳየው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። በ1977ም ያኔ በወሎ ሥር የነበረችውን ኮረምን ዓለም ያየው በውጭ ሰው ካሜራ ነው። እኛ ግን ልጆቻችን እንዳይሸማቀቁ ብለን ዝም አልን። ዝምታችን ታሪኩን ለሌላ ሰው ተወው።

የደሴ ሙዚየም በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። በእናት ሆድ ያለውን ማንም አይዘርፈውም፤ ካልተጠየቀ ግን አብሯት ይቀበራል።

ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆቻችን ቡና ሲፈላ ከአያቶቻቸው አጠገብ ይቀመጡ። «ተርባችሁ ነበር?» ብለው አይጀምሩ። «እህል ያካፈላችሁ ማን ነበር? እናንተስ ለማን አካፈላችሁ?» ይበሉ። አይቸኩሉ፤ በአቦል ያልተነገረው በበረካ ይነገራል። በስልክ ከመቅዳታቸው በፊት ያስፈቅዱ። «ይሄን ተወው ልጄ» ከተባሉ ስልኩን ያጥፉ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የእናቶቻችንን እንባ ለሪፖርት ማድመቂያ አንሰጥም። የፈቀዱትን ግን በደስታ እናካፍላችኋለን።

ልጆቻችን፣ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ቤት ግቡ። እኛም እንመልሳለን።