ነባሩን መዝገብ ወደ አዲስ ቤት ስለ ማዛወር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)





የቤተ መጻሕፍታችን የውሰት መዝገብ፥ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በቪዥዋል ቤዚክ 6 በጻፉት ፕሮግራም ሲሠራ ኖሯል። ይህ መሣሪያ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣና ለዊንዶውስ ብቻ የተበጀ ነው። ፕሮግራሙ ያለበት ኮምፒዩተር እየደከመ ሄደ፤ አዲሶቹ ኮምፒዩተሮቻችን ደግሞ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። አሮጌው ቢሞት መዝገቡም አብሮ መሞቱ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙን በኪዩት እንደገና ልንጽፈው ተነሣን። ኪዩት በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፥ አንዱ የፕሮግራም ጽሑፍ በዊንዶውስም፥ በሊኑክስም፥ በማክም እንዲሠራ ያስችላል።

መስኮቶቹን ቶሎ ሠርተን ኮራን። ነገር ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ መዝገቡን ስናስገባ የመጻሕፍቱ ስሞች ሁሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆነው ወጡ። ብንመረምር፥ አሮጌው ፕሮግራም ይጽፍ የነበረው የግዕዙ ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቍጥር ላይ በተሳለበት ፎንት ነው። ፊደላችን ግን ከ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፥ በዩኒኮድ 3.0 እትም፥ የራሱ ቍጥር አለው። እያንዳንዱን ፊደል ከአሮጌው ቍጥር ወደ አዲሱ የሚያሻግር ሰንጠረዥ አዘጋጅተን ስሞቹን መለስናቸው።

ሁለተኛዋ ችግር ጳጉሜን ነበረች። የተጠቀምንበት የቀን መምረጫ በአውሮፓ አቆጣጠር የሚሄድና 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ስለ ሆነ፥ በሙከራው ጊዜ በጳጉሜን የተመለሰ መጽሐፍ እንዳልተመለሰ ተቈጠረ። መጽሐፉን በጊዜው የመለሰች ልጅም ያለ ጥፋቷ ተጠየቀች። እጅግ አፈርን፤ ይቅርታም ጠየቅናት።

ከዚያ በኋላ የአሮጌውን ፕሮግራም ጽሑፍ ከፍተን መስመር በመስመር አነበብነው። ታላላቆቻችን 13ኛዋን ወር፥ በየአራት ዓመቱም 6 ቀን መሆኗን፥ አስበው በጥንቃቄ ጽፈውት አገኘን። አሮጌ ነው ብለን የናቅነው ሥራ መምህራችን ሆነ። ስሌታቸውን ወሰድን፤ ሁለቱን ፕሮግራሞች ጎን ለጎን አሠርተን መዝገባቸው አንድ እስኪሆን ድረስ አሮጌውን አልዘጋነውም።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ የእኛም ሥራ አንድ ቀን ያረጃል። በምትለውጡት ጊዜ አስቀድማችሁ አንብቡት፤ እኛም እንድታነቡት አድርገን ጽፈነዋል።