ልጆቻችን አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ላይፕዚግ ልጆቻችን ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ጓደኞቻቸው ስለ «ዩገንትቫየ» ሲያወሩ ይሰሙና «እኔስ?» ብለው ይመጣሉ። እኛም «ሃይማኖት ማስካድ ነው»፣ «ኧረ ድግስ ብቻ ነው» ስንባባል ከርመናል። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቃሉ «የወጣቶች ቡራኬ» እንደ ማለት ነው፤ ቄስ የሌለበት ቡራኬ። ስሙን በ1852 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ኤድዋርድ ባልትሰር ነው፤ ኖርድሃውዘን ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ነፃ ጉባኤ ያቋቋመ ሰባኪ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ግን ከ1955 ጀምሮ የራሱ አደረገው፤ ልጆቹም ለሶሻሊዝም ቃል ይገቡ ነበር። እምቢ ያለ ልጅ፣ በተለይ የቄስ ልጅ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው በር ሊዘጋበት ይችል ነበር። ስለዚህ ሥጋታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም።

የዛሬው ግን ያ መሐላ የለበትም። በፀደይ ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ሙዚቃ ይሰማል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ልጆቹ ስማቸው እየተጠራ መድረክ ወጥተው አበባ ይቀበላሉ። ከዚያ ምሳ ነው። የእግዚአብሔር ስም አይነሣም፤ ማንም ካድ አይባልም።

አንድ ነገር ግን አስቆናል። ድሮ ከዚህ በዓል በኋላ አስተማሪው ተማሪውን «አንተ» ማለት ትቶ «እርስዎ» ይለው ነበር። በእኛ ቤት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አንቱ ሲባል! ሆኖም የጀርመን ሕግ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው ሃይማኖቱን ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ ወንጀል ቢሠራም ይጠየቅበታል። እኛ ቡና አፍልተን «እንፍቀድ፣ አንፍቀድ» ስንል ሕጉ ልጁን አንቱ ብሎታል። እንግዲያው ልጁን ሳንጠይቅ መወሰኑ አያዋጣም። አልፈልግም ካለም ጓደኞቹን መስሎ እንዲታይ ብለን አንግፋው።

ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ነንና ወጪውን አንዘልም። የመመዝገቢያ ክፍያ አለ፣ የእንግዶች ትኬት አለ፣ ልብስና ምሳ አለ። የጀርመኑ ልጅ አያቶቹና አክስቶቹ ገንዘብ በፖስታ ያበረክቱለታል። የእኛ ልጅ አያት ጎንደር ናት። ስለዚህ ከማኅበሩ ካዝና ለጠየቀች እናት ያለ ወለድ እናበድር፤ ለዩገንትቫየም ይሁን ልጁ በእምነቱ ለሚያደርገው በዓል መጠኑ አንድ ይሁን። በበዓሉም ቀን ቢያንስ ሁለታችን አክስት ሆነን አዳራሹ ውስጥ እንቀመጥ፤ ስሙ ሲጠራ እልል የሚል ሰው ያስፈልገዋል።

ምዝገባው ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ስለሚያልቅ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያሰባችሁ ልጆቻችሁን ጠይቃችሁ እስከሚመጣው ስብሰባ ለገንዘብ ያዥዋ አስታውቁ።