አንድ ጦር፣ ብዙ ዓይነት ጥይት

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያንን የገጠመው የኢትዮጵያ ጦር የያዘው ጠመንጃ የብዙ አገርና የብዙ ዘመን ሥራ ነበር፤ መኳንንቱም መሣሪያ በየፊናቸው ይገዙ ነበር። ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ የ11 ሚሊሜትር ጥይት አንድ በአንድ ይጎርሳል፤ ጢሱም ተኳሹን ያጋልጣል። ከጠላት የሚማረከው ባለ6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ ደግሞ ስድስት ጥይት ከነማቀፊያው ይጎርሳል፤ ማቀፊያው ከጠፋ ወይም ከተጣመመ፣ ጥይት ሞልቶም አከታትሎ መተኮስ ያስቸግራል። የአንዱ ጥይት ለሌላው ስለማይሆን የጓደኛ ዝናር አያድንም።

በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን የመሣሪያ መላኪያ ፈቃድ ነፈገች። ጣሊያን በራሷ ፋብሪካ ስለምትሠራ ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ነው፤ ግልጽ በደል ነበር።

እንዲህ ባለ መሣሪያ ከተዋጉት የኢትዮጵያ ጦሮች አንዱ፣ ከጎሬ የተነሣው የራስ እምሩ ጦር፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከጅማ በስተደቡብ፣ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከቦ እጁን ሰጠ።