አሠሪው ሠራተኛውን ከጥቃት የመጠበቅ ግዴታው



አሠሪ ደመወዝ በወሩ ከከፈለ ግዴታውን ሁሉ እንደ ፈጸመ የሚቈጥር ልማድ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ዳሩ ግን ሠራተኛ ጕልበቱንና ዕውቀቱን ለሥራ ሲያቀርብ ክብሩን አብሮ አልሸጠም። ስለዚህ በሥራ ቦታ ሰው እንዳይደበደብ፥ እንዳይሰደብ፥ በወሲባዊ ትንኮሳም እንዳይዋረድ አስቀድሞ መከላከል የአሠሪው ዕዳ ነው እንጂ ለተበዳዩ ብርታት የሚተው ነገር አይደለም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሰኔ 2011 ዓ.ም. በጄኔቫ ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ይህንኑ አሳብ ሕግ አድርጎታል። ከአካባቢያችን አገሮች ሶማሊያና ኡጋንዳ ተቀብለውታል። በስምምነቱ መሠረት አሠሪው ከሠራተኞቹ ጋር ተማክሮ ደንብ ማውጣት፥ አደጋው ከወዴት እንደሚመጣ መመርመር፥ ሠራተኛውንም ማስተማር አለበት። ጥበቃውም ማረፊያውን፥ መጸዳጃውን፥ የሥራ መንገዱን፥ አሠሪው የሰጠውን መኖሪያ፥ በስልክ የሚላከውንም መልእክት ያጠቃልላል። ከስምምነቱ ጋር የወጣው ምክረ ሐሳብ ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው ካላቸው የሥራ መስኮች አንዱ ትምህርት ነው።

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሠሪና ሠራተኛ መካከል ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ከልክሏል። አሠሪው ድርጊቱ ተነግሮት አፋጣኝ እርምጃ ካልወሰደ፥ ተበዳዩ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። አዋጁ የግል ትምህርት ቤቶችን ሲመለከት፥ የመንግሥት መምህራን በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይተዳደራሉ፤ የጥበቃው ዐላማ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የመምህርቱን የሥራ ምዘናና የዝውውር ጥያቄ የያዘው አለቃ በደል ቢፈጽምባት ለማን ትናገር? ከከተማ ርቃ ብቻዋን የምትኖረውስ? አቤቱታ አለመሰማቱ ሰላም ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ የፍርሀት ምልክት ነው። ነገሩ ሲነገርም «ለትምህርት ቤቱ ስም» እየተባለ በሽምግልና ይዳፈናል፤ ወይም በዳዩ በስፍራው ቆይቶ ተበዳይዋ ትዛወራለች። ይህ በደልን በበደል ላይ መደረብ ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ደንቡን በጽሑፍ አውጥቶ በግልጽ ይለጥፍ። አቤቱታ የሚቀበለው ሰው ከተከሳሹ ሥልጣን ውጭ ይሁን። ምስጢር ይጠበቅ፤ ተከሳሹም በአግባቡ ይሰማ፤ የተናገረም ሆነ የመሰከረ አይቀጣ። ተቈጥቶ የሚመጣ ወላጅ መምህሩን ለብቻው ከማግኘቱ በፊት ኀላፊው ይቀበለው። ማኅበራችንም ደንቡ ሲረቀቅ ድርሻውን ይጠይቅ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ተማሪ ከምንነግረው ይልቅ እርስ በርሳችን የምንከባበረውን አይቶ ይማራልና፥ መምህር በሚዋረድበት ግቢ ስለ ሰው ክብር የሚሰጥ ትምህርት ፍሬ አያፈራም።