የወባ መመርመሪያና የጅቡቲ ወደብ
(ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የጅቡቲ ወደብ ለኢትዮጵያ መምህር እንግዳ ስም አይደለም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከዚያ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱን (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ኖሯል። ዛሬ ስለዚያች ከተማ የሚነገረው ግን ስለ መርከብና ስለ ጭነት ሳይሆን፣ አንዲት ጠብታ ደም ስለሚመረምር ትንሽ መሣሪያ ነው።

አንቲቦዲ ማለት ሰውነት የገባበትን ባዕድ ነገር ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። መክፈቻ ለራሱ ጓጉንቸር ብቻ እንደሚስማማ፣ እያንዳንዱ አንቲቦዲ የሚገጥመው የራሱ ዒላማ አለው። ሴዛር ሚልስታይንና ጆርጅ ኮህለር በ1975 በካምብሪጅ አንቲቦዲ የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ ከማይሞት የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው፣ አንድ ዐይነት አንቲቦዲ ያለ ማቋረጥ የሚያመርት ሕዋስ አስገኙ፤ በ1984ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሕዋስን ሞት የሚያግደውን ቢ-ሲ-ኤል 2 የተባለ ፕሮቲን ሊምፎማ በሚባለው ካንሰር ውስጥ ፈልጎ የሚያሳየው በዚህ መንገድ የተሠራ አንቲቦዲ ነው። የወባውም መመርመሪያ የዚሁ ወገን ነው።

ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ኤች-አር-ፒ 2 የሚባል ፕሮቲን በደም ውስጥ ያፈሳል። በወርቅ ቅንጣት የቀለመ አንቲቦዲ ይህን ፕሮቲን ይይዛል፤ በወረቀቱ ላይ የተተከለው ሌላው አንቲቦዲ ደግሞ ሁለቱን አስቁሞ ቀይ መስመር ያወጣል። ከጎኑ ያለው ሁለተኛ መስመር ለቁጥጥር ነው። ሥራው ሁሉ ከሃያ ደቂቃ ያህል አያልፍም። መብራትና ማይክሮስኮፕ ለሌለው ጤና ጣቢያ ይህ ታላቅ ጸጋ ነበር።

በ2012 አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ቢምቢ በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በጅቡቲ ከተማ ተገኘች። ይህች ቢምቢ ረግረግ አትጠብቅም፤ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ በከተማ መካከል ትራባለች። በዚያው ዓመት በአገሩ የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 27 ብቻ ነበረ፤ በ2020 ግን ከ73,000 በላይ ሆነ። በ2019ና በ2020 የተሰበሰበው ደም ሲመረመር ደግሞ፣ ከመቶ 86 ያህሉ የፋልሲፓረም ተውሳክ ኤች-አር-ፒ 2ንና የቅርብ ዘመዱን ኤች-አር-ፒ 3ን የሚያሠራው ዘረ መል የጠፋበት ሆኖ ተገኘ። በሽተኛው በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፤ ወረቀቱ ግን ወባ የለም ይላል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መሣሪያው አልተበላሸም። የቁጥጥሩ መስመር የሚመሰክረው ፈሳሹ በወረቀቱ ላይ በደንብ ማለፉን እንጂ በሽተኛው ነጻ መሆኑን አይደለም። አንቲቦዲው የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ ጥያቄው ግን «ወባ አለን?» ሳይሆን «ይህ ፕሮቲን አለን?» የሚል ነበረ። የከፋው ነገር፣ ምልክቱ ያለው ተውሳክ በመድኃኒት ሲጠፋ፣ የሌለው ሳይታከም ቀርቶ በቢምቢዋ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። መመርመሪያው ሳያውቀው ለጠላቱ ዘር መራጭ ይሆናል ማለት ነው።

ነገሩ በወደቡ አላበቃም። ቢምቢዋ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ፣ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መኖሪያ ጭምር፣ የተነሣው ወባም ከእርሷ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ዘረ መሉ የጠፋበትም ተውሳክ በ2017ና በ2018 በኢትዮጵያ ጠረፍ አውራጃዎች ከ12,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት ታይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው በሽተኛ ከመቶ 5 በላይ ሲሆን መመርመሪያው እንዲለወጥ ይመክራል፤ ኤርትራ በ2016 ለውጣለች። ምትኩ የሚፈልገው ፒ-ኤል-ዲ-ኤች የተባለውን ፕሮቲን ነው፤ ተውሳኩ ኃይል የሚያገኝበት ስለ ሆነ በቀላሉ አይተወውም። ወረቀቱ የለም ብሎ ትኩሳቱ የጸና እንደ ሆነ ግን፣ የቀድሞው ማይክሮስኮፕ አለ፤ በጊምሳ ቀለም የተነከረ ደም ተውሳኩን ከነቅርጹ ያሳያል።