ልኬት ያጣ መጋጠሚያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች በከተማ የውሃ መስመሮች ላይ ስለሚደርሰው ብክነት እንድናገር ጋብዘውኝ ነበር። እኔ ግን ከመሬት በታች ስለተቀበረ ቱቦ ሳይሆን፣ ዐሥራ አራት ወር በገዛ ሆዴ ላይ ተሸክሜው ስለኖርሁት መጋጠሚያ እንድናገር ይፈቀድልኝ ዘንድ ለመንኋቸው፤ ከጥቂት ዝምታ በኋላም ፈቀዱልኝ። ነገሩ ለጆሮ የሚጥም አይደለም። ይሁን እንጂ በዚሁ አዳራሽ ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳንሸማቀቅ የተከራከርን ሰዎች ስለ ራሳችን አንጀት ግማሽ ሰዓት መነጋገር ያቅተናል ብዬ አላምንም።

በመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. በመስክ ሥራ ላይ ሳለሁ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ጋዝም ሆነ ዓይነ ምድር መውጣት አቆመ። ሆስፒታል ስደርስ የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ላይ ተጠማዝዞ የደም ዝውውሩ መቋረጡ ታወቀ። ሐኪሞች ሲግሞይድ ቮልቩለስ ይሉታል፤ በአገራችን ትልቁን አንጀት ዘግተው ሰውን ለቀዶ ጥገና ከሚያደርሱት ደዌዎች መካከል በእነርሱ ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። የሞተው ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ የቀረው ጫፍ በግራ ሆዴ በኩል ወደ ውጭ ተከፈተ። ኮሎስቶሚ የሚባለው ይህ ነው።

የተከፈተው አፍ ስቶማ ይባላል፤ ቃሉም በግሪክኛ አፍ ማለት ነው። መልኩ ቀይና እርጥብ ሆኖ የከንፈርን ውስጠኛ ገጽ ይመስላል። ቢነኩት ሕመም አይሰማውም፤ ሲጠርጉት ጥቂት ቢደማም አያስደነግጥም። የሚያጠብቅ ጡንቻ ስለሌለው ግን የሚወጣውን ነገር ባለቤቱ ሊያዝዘው አይችልም። ስለዚህ በላዩ ላይ ከረጢት ይገጠማል፤ ከረጢቱንም ከቆዳ ጋር የሚያያይዝ ተለጣፊ ገበታ አለ። ሐኪሞቹ ይህን ገበታ ፍላንጅ ብለው ሲጠሩት ስሰማ በሕመም ላይ ሆኜም ፈገግ አልሁ፤ የማውቀውን ሰው በባዕድ አገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበርና።

ተለጣፊው ከረጢት በሐኪም ብቻ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ኤሊሴ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ፣ እንደ እኔ ያለ ቀዶ ጥገና የተደረገላት እኅቷ ቶራ ፍሳሹ ያሳፍረኛል ብላ ከቤት መውጣት ብትፈራ፣ በማጣበቂያ ከቆዳ ላይ የሚያዝ ከረጢት አሰበች። ሐሳቡን የፕላስቲክ ፋብሪካ ለነበረው ለኦጌ ሉዊ-ሀንሰን ብታቀርብለት በመጀመሪያ አልተቀበላትም። እርሷም ነርስ የነበረች ሚስቱ ዮሐኔ ግን አግባባችው፤ ከዚያም ሥራ በ1957 ኮሎፕላስት የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ለሙያችን ሰዎች ይህን የማነሣው፣ እንቢ ያለው የፋብሪካው ሰው እንደነበረ እንድታስታውሱልኝ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከሆስፒታል ስወጣ ፍላንጁን 45 ሚሊ ሜትር አድርገው ቆርጠው አሳዩኝ። እኔም ያንኑ ልክ በወረቀት ላይ ስዬ፣ በአንድ ጊዜ ዐሥር ፍላንጅ ቆርጬ በካርቶን ውስጥ ደረደርሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከስቶማው በታች ያለው ቆዳ መቅላት ጀመረ፤ በአራተኛው ላጠ፤ በአምስተኛው እንደ ተቃጠለ ሰው ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የማድር ሆንሁ። ፍላንጁ ከቆዳው እየተላቀቀ በቀን ሁለት ጊዜ ያፈስ ነበር። በዳርቻው ላይ ፕላስተር ደረብሁበት፤ እዳሪው በፕላስተሩ ሥር ተጠራቅሞ ቆዳውን ይበልጥ በላው። ቫዝሊን ቀባሁ፤ በቅባት ላይ የሚጣበቅ ነገር እንደሌለ የማያውቅ ሰው አልነበርሁም፣ ግን ቀባሁ። በሽቶ ሳሙና አጠብሁት፤ በአልኮልም ጠረግሁት።

በአንድ የሥራ ስብሰባ መካከል ሽታው ከሸሚዜ ሥር ሲወጣ ተሰማኝ። ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ፤ በዚያው ማታም የመልቀቂያ ማመልከቻ ጻፍሁ። ለዐሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ሙያ የምተወው፣ ዲያሜትሩ ከአንድ ብርጭቆ አፍ በሚያንስ ቀዳዳ ምክንያት ነበር።

ማመልከቻውን ከማስገባቴ በፊት ለቀጠሮዬ ሄድሁ። ቁስሉን ያዩልኝ ጸጉራቸው የሸበተ ሲስተር ነበሩ። ያወለቅሁትን ፍላንጅ ሊጥል የነበረውን እጄን ያዙና ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ከዚያ ቀዳዳዎች ያሉበትን የልኬት ካርቶን በስቶማው ላይ አሳርፈው «ሠላሳ ሁለት» አሉ። ቀጥለውም፣ «አንተ ልጅ፣ ቱቦ ስትገጥም ልኩን ሳትወስድ ነው የምትገጥመው?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቶማ ከቀዶ ጥገና በኋላ ያብጣል፤ በሚቀጥሉት ስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ውስጥ እየሟሸሸ ወደ ዘላቂ መጠኑ ይመለሳል። በመሆኑም በእነዚህ ሳምንታት ቢያንስ በየሳምንቱ መለካት አለበት። ቀዳዳው ከስቶማው ጠርዝ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢርቅ ይበቃል፤ ከዚያ ቢጠብ ስቶማውን ይፈገፍጋል፣ ቢሰፋ ቆዳውን ለእዳሪው ያጋልጣል። በእኔ ላይ የነበረው ልዩነት 13 ሚሊ ሜትር፣ ይኸውም ዙሪያውን ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የተራቆተ ቆዳ ነበር። ይህን ያህል በሳተ ጋርኒሲዮን ፓምፕ የገጠመ ቴክኒሺያን ቢያጋጥመኝ ምን እንደምለው ታውቃላችሁ። ለምን አልለካሁም? ለመለካት ማየት ያስፈልጋልና። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ከረጢቱን የምቀይረው ፊቴን አዙሬ ነበር።

የፍላንጁ ጀርባ፣ ማንበብ ለቻለ፣ የመስመር ካርታ ነው። ማጣበቂያው እርጥበት ሲመጥጥ እያበጠ ይነጣል፤ እዳሪው ያለፈበትም ቦታ ይሟሟል። ስለዚህ ጉዳቱ ከቀዳዳው ተነሥቶ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደ ወንዝ ቢወርድ፣ በዚያ በኩል እጥፋት ወይም ጎድጓዳ ቦታ አለ ማለት ነው። የእኔ እጥፋት ስተኛ የማይታይ፣ ስቀመጥ ብቻ የሚፈጠር ነበር፤ ተጋድሜ ብቻ ስመረምረው አመለጠኝ። ለእንዲህ ያለው ጎድጓዳ እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ የሚወጣ መሙያ አለ፤ እርሱም ሙጫ ሳይሆን መደልደያ ነው። ብዙዎቹ መሙያዎች አልኮል ስላለባቸው በላጠ ቆዳ ላይ እንደ እሳት ያቃጥላሉ። መሙያው ካልበቃ ወደ ሆድ ጎበጥ ያለ ፍላንጅ ከመቀነት ጋር ይታዘዛል።

መቅላቱ የፍላንጁን ቅርጽ በሙሉ ይዞ እንደ ማኅተም ቢታይ፣ ቆዳው ማጣበቂያውን አልወደደውም፤ ዓይነቱን መለወጥ ይገባል። ከቀላው ቦታ ወጣ ብለው የተበተኑ፣ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ነጥቦች ቢኖሩ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ማሳየት ነው። በጸጉር ሥሮች ላይ ብቻ የሚወጣ ሽፍታ ደግሞ ፍላንጁን በኃይል ከመንቀል ይመጣል፤ ጸጉሩን ማሳጠርና፣ ቆዳውን በአንድ እጅ እየተጫኑ በዝግታ መላጥ ይበቃል።

ሲስተር ያዘዙልኝ ሕክምና ቀላል ነበር። ለብ ባለ ውሃ ብቻ ማጠብ፤ ሳይፈትጉ ማድረቅ፤ በላጠው ላይ የስቶማ ዱቄት ነስንሶ የተረፈውን ማራገፍ፤ ፍላንጁን በመዳፍ መካከል አሙቆ መለጠፍና ለጥቂት ደቂቃ በእጅ ተጭኖ መያዝ። ዱቄቱ የቁስሉን እርጥበት ስለሚመጥጥ ፍላንጁ መያዣ ያገኛል። የቆሰለ ቆዳ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ቆዳ አይጣበቅም፤ ያልተጣበቀው ያፈስሳል፤ የፈሰሰው ደግሞ ያቆስላል። ይህን ቀለበት በፕላስተር መቁረጥ አይቻልም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቆዳዬ ተሸፈነ፤ ማመልከቻው በመሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የአቅርቦቱ ነገር ነው። ከረጢት በየመድኃኒት ቤቱ ዞሬ ያጣሁበት ጊዜ አለ። ዋጋውና እጥረቱም ሰውን ወደ ክፉ ቁጠባ ይነዳዋል። እኔም አንዱን ፍላንጅ ለስምንት ቀን ያቆየሁበትን ወቅት አስታውሳለሁ፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ሲበቃው ማለት ነው። ያተረፍሁትን ለቁስል መድኃኒት ከፈልሁ። በቆላ ያሉ ባልደረቦች ደግሞ ላብ የፍላንጁን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ይወቁ። አንድ ሙሉ ካርቶን በመኪና ውስጥ ለፀሐይ ትቼ ማጣበቂያው ስለቀለጠ አንዱንም ሳልጠቀምበት ጥያለሁ።

ከረጢቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሲሞላ መገልበጥ አለበት፤ ክብደቱ ፍላንጁን ይስባልና። በሽሮ፣ በባቄላና በጥቅል ጎመን ጊዜ በጋዝ ይነፋል። ሽሮ ተው ያለኝ ሐኪም የለም፤ ቢኖርም አልሰማውም ነበር። ወፍራም እዳሪ ወደ ታች አልወርድ ብሎ በስቶማው ዙሪያ ከተጠራቀመ፣ ከመለጠፍ በፊት በከረጢቱ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ዘይት ማድረግ ይረዳል፤ ዘይቱ ቆዳውንና ማጣበቂያውን እንዳይነካ ግን ይጠንቀቁ። ስቶማው ቢጠቁር፣ የማይቆም ደም ቢፈስ፣ ወይም ምንም ሳይወጣ ሆድ እየቆረጠ ቢያስመልስ ዱቄትም መሙያም አይፈለግም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የሥራ ካምፕ ለምትነድፉ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ከወገብ ከፍታ ላይ አንዲት መደርደሪያ፣ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ውሃና ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አድርጉ። እኔ መቀሱን በጥርሴ ይዤ፣ ጀሪካኑን በጉልበቴ መካከል ደግፌ ስቀይር ነበር።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. አንጀቴ ተመልሶ ተቀጠለ። የተረፉኝን ሁለት ካርቶን ከረጢቶች ለሲስተር ወስጄ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም ሳልወጣ አንዱን ከፍተው በወረፋ ለቆመ ሰው አደሉት። የልኬት ካርቶኗን ግን ይዤአታለሁ፤ አሁንም በኪሴ ናት። ከእናንተ መካከል ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የምታስፈልገው ቢኖር፣ በሻይ ዕረፍቱ ጊዜ በስተኋላ በር በኩል ይገኝልኝ።